የሳሳ አጥንት

ሄራን የባሌት ዳንስ ማስተማሪያዋን የከፈተችው ጉንሳን ወደብ አካባቢ፣ ከአንድ የጥርስ ሐኪም ቤት በላይ ባለው ፎቅ ላይ ነበር። ከታች ጥርሱን የሚነቀል ልጅ ያለቅሳል፤ ከላይ ፒያኖ ይሰማል። ወለሉን በገዛ እጇ ፈግፍጋ ነው ያለሰለሰችው። ግድግዳውን የሞላውን መስተዋት ደግሞ ከተዘጋ ፀጉር ቤት አመጣችው። ያኔ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነበር። ከዚያ በፊት አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሴኡል ውስጥ በአንድ የዳንስ ቡድን ስትደንስ ኖራለች። ኮከብ ሆና አታውቅም፤ ከኋላ ከሚሰለፉት ሃያ አራት ነጭ ለባሾች አንዷ ነበረች። ቀኝ ዳሌዋ አልታዘዝ ሲላት ሻንጣዋን ሸክፋ ወደ ተወለደችበት ከተማ ተመለሰች።

እህቷ ቦክሱን በዘጠኝ ዓመት ትበልጣታለች። እናታቸው በልጅነታቸው ስለሞተች ሄራንን ያሳደገቻት፣ ዳንስ ትማር ብላ ወደ ዋናው ከተማ የላከቻትም እሷ ናት። ቦክሱን ከዓሣ ገበያው ጀርባ የአኩሪ አተር ቡቃያ ሾርባ የምትሸጥበት ጠባብ ቤት አላት። መርከበኛው፣ ሾፌሩ፣ ሲጠጣ ያመሸው ሁሉ ሆዱን የሚያሞቀው እዚያ ነው። በደጇ የሚያልፍ ሰው "በላህ?" ሳትለው አያልፍም። ባሏ የሩቅ ባሕር መርከብ ላይ ስለሚሠራ በዓመት ሁለቴ ቢታይ ነው። በአርባ አንድ ዓመቷ፣ ተስፋ ከቆረጠች በኋላ፣ አንዲት ልጅ ወለደች። ስሟን ኢሱል አለቻት።

ኢሱል አምስት ዓመት ሲሞላት ቦክሱን እጇን ይዛ ፎቁን አወጣቻት።

"እቤት ውስጥ ዝላዩን አልተው ብላኝ የስንቱን ደንበኛ ሾርባ ደፋችብኝ መሰለሽ!" አለች እያለከለከች። "ውሰጃትና እዚህ ትዝለል።"

ሄራን ሳቀች። ልጅቷ ጫማዋን አውልቃ መሀል ወለሉ ላይ ስትዘል ግን ሳቋን ዋጠች። ሰው ዘሎ ሲወርድ መሬቱ ይቀበለዋል፤ ይህችን ልጅ ግን አየሩ ራሱ ለመልቀቅ የሚሳሳላት ይመስል ነበር። ሄራን በአሥራ አንድ ዓመት የመድረክ ኑሮዋ እንዲህ ያለውን ያየችው በሁለት ሰዎች ላይ ብቻ ነው። ከሁለቱ አንዷም እሷ ራሷ አልነበረችም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኢሱል የሁለት ሰዎች ልጅ ሆነች። እቤት "አክስቴ"፣ ክፍል ውስጥ "መምህር" ትላታለች። ሄራን ባል አላገባችም፣ ልጅም አልወለደችም። ለኢሱል የምትሳሳው ሰው ለዓይኑ ብሌን እንደሚሳሳው ነበር። ይህን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ኋላ የሆነው ሁሉ ከጥላቻ አልመጣምና።

ኢሱል አሥራ ሦስት ዓመቷን ስትይዝ እንደማንኛዋም ልጅ ሰውነቷ ሞላ። ፊቷ ድቡልቡል አለ፤ ጭኗ ጠነከረ። አንድ ቅዳሜ ሄራን ዝላይ እያስቆጠረች ሳለ የልጅቷ ማረፊያ ትንሽ ድምፅ አወጣ። ትንሽ ነበር። ሄራን ግን በዱላዋ ወለሉን መታ መታ አድርጋ፦

"ኢሱል! የእናትሽን የሾርባ ድስት አዝለሽ ነው እንዴ የምትዘይው? አውርጂውና ዝለይ እንጂ!" አለቻት።

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ኢሱልም አፏን በእጇ ከድና አብራ ሳቀች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። ሄራን ግን ወለምታ መሆኑንም አላወቀችም። መምህሮቿ እሷን ሲያሳድጉ ከዚህ የባሰ ብለዋታል፤ ቀልድ መስሏት ወደሚቀጥለው ቆጠራ አለፈች።

ኢሱል ግን ድስቱን አወረደችው። መጀመሪያ ሩዙን በግማሽ ቀነሰች። ቀጥሎ ሾርባውን ትታ ቡቃያውን ብቻ እየለቀመች መብላት ጀመረች። በሁለት ወር ውስጥ አንገቷ ረዘመ፤ የትከሻዋ አጥንት እንደ ክንፍ ብቅ አለ። ሄራን በሳምንት አንዴ ልጆቹን ሁሉ ሚዛን ላይ ታቆም ነበር። በየሳምንቱ የኢሱል ሲቀንስ አየችና አንድ ቀን በሁሉም ፊት፦

"እዩዋት! ዳንሰኛ ማለት እንዲህ ነው" አለች።

ልጅቷ እስከ ጆሮዋ ቀላች። ሄራን ከዚያ ወዲያ የምታውቀውን ሁሉ አስተማረቻት። ሲርብሽ በረዶ ቆርጥሚ። ምሽት ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ አፍሽን ዝጊ። የፈተና ሰሞን ስኳር ድንች አንድ፣ የእንቁላል ነጩ ሁለት፣ ዱባ እንዳሻሽ። ይህን የምትነግራት ጓዳ ውስጥ፣ ከንፈሯን ወደ ጆሮዋ አስጠግታ፣ እናት ለልጇ የቤተሰብ ምስጢር እንደምታወርስ አድርጋ ነበር። እሷም የኖረችው እንዲሁ ነዋ።

ቦክሱን ነገሩ አላማራትም። አንድ ከሰዓት ሾርባ ቤቱ ጭር ሲል ጥያቄዋን አነሳች።

"ሄራኔ፣ ይቺ ልጅ አሥራ አምስት ዓመቷን ልትደፍን ነው። እስካሁን የወር አበባዋ አልመጣም። ደህና ነው ትያለሽ?"

"እትዬ ደግሞ! የኔስ በስንት ዓመቴ መጣ? በአሥራ ሰባት አይደል?"

"ያንቺማ መጥቶም ይጠፋ ነበር።"

"ዳንሰኛ ነበርኩና። ዳንሰኛ ይዘገይባታል። እንዲያውም እድለኛ ናት፤ ከጣጣው ተገላገለች።"

"ፀጉሯም እኮ ይረግፋል። የመታጠቢያውን ቀዳዳ በየቀኑ የማጸዳው እኔ ነኝ። ደግሞ ይበርዳታል፤ በሐምሌ ሐሩር ሹራብ ትለብሳለች።"

"እትዬ፣ ሾርባውን አንቺ ታውቂያለሽ፤ ዳንሱን ለኔ ተይው።"

ቦክሱን ሳህኖቹን መሰብሰብ ያዘች። እህቷ ሴኡል የኖረች፣ የተማረች ሰው ናት። እሷ ራሷ ከስድስተኛ ክፍል ያለፈች አይደለችም። አመነቻት።

የዚያ ዓመት መኸር ላይ ኢሱል ሴኡል ላለ አንድ የታወቀ የኪነ ጥበብ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልትፈተን ተመዘገበች። ከጉንሳን ማንም ገብቶበት አያውቅም። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ወጥታ በቀን አምስት ስድስት ሰዓት ትለማመዳለች። በጋውን ሙሉ ቅልጥሟን እየደጋገመ ያማት ነበር፤ በረዶ አድርጋበት ታልፈዋለች። ፈተናው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ደግሞ ሄራን አንድ ነገር አየች። ኢሱል በግራ እግሯ ከመነሳቷ በፊት ትንፋሿን ትይዛለች። ደረጃ ስትወርድም ከንፈሯን ትነክሳለች።

ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ኢሱል ወለሉ ላይ ተቀምጣ፦

"አክስቴ፣ ብሽሽቴን ያመኛል" አለች። "ስቆምም ያመኛል። ትናንት ስተኛም አመመኝ።"

ሄራን ተንበርክካ ዳሌዋን በአውራ ጣቷ ጫን ጫን አደረገችው። ልጅቷ ጮኸች።

"ጡንቻ ነው" አለች ሄራን። "ለናትሽ አትንገሪ፣ ትደነግጣለች። ወደ መርፌው ሐኪም እንሄዳለን።"

የመርፌው ሐኪም ቀጫጭን መርፌ እየሰኩ ሕመም የሚያስታግሱ፣ ገበያው ዳር የሚሠሩ ሽማግሌ ናቸው። የከተማውን ዓሣ አጥማጅ ሁሉ ወገብ የጠገኑት እሳቸው ናቸው። ኢሱልን አስተኝተው እግሯን አጠፉ፣ ዘረጉ። ያዘጋጁትን መርፌ መልሰው አስቀመጡትና ሄራንን ወደ በሩ ጠሯት።

"ይሄ የኔ ሥራ አይደለም። ጡንቻ ቢሆን በዚህ አቅጣጫ አያማትም። አጥንት ነው። ዛሬውኑ ትልቅ ሆስፒታል ሄዳ ፎቶ ትነሳ።"

"አባባ፣ ፈተናዋ እኮ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው።"

"ፈተናው በሚመጣው ዓመትም አለ።"

"እሺ፣ እወስዳታለሁ" አለች ሄራን።

አልወሰደቻትም። እርግጥ አስባበታለች። ሐኪሞቹ "ስድስት ሳምንት ትረፍ" ቢሉ የአሥር ዓመት ልፋት ገደል ሊገባ ነው። እሷም በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ በተሰነጠቀ የእግር ጣት ደንሳለች፤ ማንም አላወቀም፤ ድኖላታል። ከፈተናው ማግስት እወስዳታለሁ ብላ ለራሷ ቃል ገባች። ለኢሱል የሚለጠፍ የሕመም ማስታገሻ ገዝታ ሰጠቻትና፦

"እኔም ያመኝ ነበር" አለቻት። "ሁላችንንም ያመን ነበር። ሦስት ሳምንት ብቻ ቻዪልኝ፣ የኔ ቆንጆ።"

"እሺ አክስቴ" አለች ኢሱል።

ከፈተናው ሦስት ቀን ቀደም ብሎ የኢሱል ልደት ነበር። በልደት ቀን የባሕር ቅጠል ሾርባ መጠጣት ደንብ ነው። ግን ቅጠሉ ያሙለጨልጫል፤ ፈተና ያለበት ሰው ከጠጣው ፈተናው ላይ ይንሸራተታል ይባላል። ቦክሱን ስለዚህ ዘንድሮ አልሠራችም። በምትኩ የሚያጣብቅ የሩዝ ከረሜላ ገዝታ፣ በወረቀት ጠቅልላ፣ ሁለቱ ወደ ሴኡል ሲነሱ አውቶቡስ ተራው ድረስ ይዛ መጣች።

"ይሄን ብዪና ትምህርት ቤቱ ላይ ተጣበቂበት!" አለች እየሳቀች። "ሩዝ እንቢ አልሽኝ፤ ይሄንን እንኳ እንቢ አትበዪኝ፣ ኢሱልዬ።"

ልጅቷ እናቷን አቅፋ ከረሜላውን ኪሷ ከተተች። አውቶቡሱ ከከተማ ሲወጣ ወደ አክስቷ ዞር አለች። ሄራን እጇን ዘረጋች። ኢሱል ከረሜላውን አውጥታ መዳፏ ላይ አስቀመጠችላት።

ፈተናው አዳራሽ ውስጥ ተፈታኝና ፈታኝ ብቻ ነው የሚገባው። ወላጆችና አስተማሪዎች ኮሪደሩ ላይ ጫማቸውን አውልቀው ቆመዋል። በሩ ቢዘጋም ሙዚቃው ይሰማል፤ የእያንዳንዱ ልጅ እግር ሲያርፍ ወለሉ እስከ ኮሪደሩ ይርገበገባል። የኢሱል ቁጥር ተጠራ። ሄራን ዓይኗን ጨፍና በሙዚቃው መቁጠር ጀመረች። ይሄኔ ክንዷን አነሳች። ይሄኔ ዞረች። ይሄኔ ከጥግ ወደ ጥግ ሰያፉን ይዛ እየሮጠች ነው። ትልቁ ዝላይ። አንድ... ማረፊያው የት ሄደ ስትል፣ ማረፊያ ያልሆነ ድምፅ ሰማች። ሙዚቃው አልቆመም። ማጥፋቱን ማንም አላሰበምና ፒያኖው ብቻውን እስከ መጨረሻው ድረስ ሄደ።

በሩን ገፍታ ስትገባ ኢሱል በጎኗ ተኝታለች። የግራ እግሯ አጥሮ ወደ ውጭ ዞሯል። አላለቀሰችም። አክስቷን ስታይ፦

"ይቅርታ፣ መምህር" አለች።

ቦክሱን ሾርባ ቤቷን እንዳለ ጥላ፣ ሽርጧን እንኳ ሳታወልቅ፣ በባቡር ደረሰች። እሷ ስትደርስ ልጅቷ ከቀዶ ሕክምና ወጥታ ነበር። የጭኗ አጥንት አንገት፣ ማለትም ከዳሌ የሚጋጠምበት ቀጭኑ ቦታ፣ ለሁለት ተሰብሮ በሦስት ብሎን ተይዟል። በማግስቱ ዶክተር ናም የምትባል ሐኪም ሁለቱን እህትማማቾች ከኢሱል አልጋ አጠገብ አስቀመጠቻቸው። በሃምሳዎቹ ያለች፣ ድምፅዋ የማይጣደፍ ሴት ናት።

"ልጅዎ ወድቃ አይደለም የተሰበረችው" አለች ለቦክሱን። "ተሰብራ ነው የወደቀችው። ስንጥቁ ሳምንታት ያስቆጠረ ነው። የአጥንቷን ጥንካሬም ለክተናል። በእሷ ዕድሜ ካሉት ልጆች በጣም ያነሰ ነው፤ የአሮጊት አጥንት ነው የሚመስለው። የወር አበባዋ ከጠፋ ስንት ጊዜው ነው?"

"ኧረ መጥቶም አያውቅ" አለች ቦክሱን። "ዳንሰኛ ስለሆነች ይዘገያል ብለው..."

ቃሏን ሳትጨርስ አቆመች። ሄራን ወለል ወለሉን አየች።

"ክረምት ላይ ማገዶ ያለቀበት ቤት ያስቡ" አለች ዶክተሯ። "ሰውየው መጀመሪያ የእንግዳ ክፍሉን እሳት ያጠፋል። ቀጥሎ ወንበሩን ይፈልጣል። የሚፈልጠው ሲያጣ ምሰሶውን ይጀምራል። ከውጭ ለሚያየው ቤቱ እንደ ቆመ ነው። የዚህች ልጅ ሰውነትም የወር አበባን እሳት ያጠፋው ማገዶ ስላጣ ነው። አጥንቷን የሚገነባውም ያው እሳት ነበር።"

"ትበላለች እኮ! በጥቂቱም ቢሆን ትበላለች።"

"ትበላለች። ግን በቀን ስድስት ሰዓት ትዘላለች። የበላችው ለዝላዩ እንኳ አልበቃም፤ ለማደግ ምን ይተርፋታል? እማማ፣ ሰው ለዕድሜ ልኩ የሚሆነውን አጥንት የሚያጠራቅመው እስከ ሃያ ዓመቱ ግድም ነው። እሷ በማጠራቀሚያዋ ዓመታት ስታወጣ ነው የከረመችው።" ከዚያ ወደ ኢሱል ዞረች። "የኔ ልጅ፣ ይሄ ስብራት ሳያምሽ አልመጣም። ሲያምሽ ለማን ነገርሽ?"

ኢሱል ጣሪያውን አየች።

"ለማንም አልነገርኩም" አለች ልጅቷ።

"ለመምህርሽም?"

"ለማንም።"

ሄራን አፏን ከፈተች። ቃል አልወጣም። ዶክተሯ ወረቀቷን ሰብስባ ሄደች። ቦክሱን የልጇን ግንባር እየደባበሰች "ምነው፣ ምነው ለኔ እንኳ፣ ምነው ልጄ" እያለች አለቀሰች። አሥራ አምስት ዓመት የሞላት ልጅ፣ ሦስት ብሎን ዳሌዋ ውስጥ ይዛ፣ አክስቷን ሸፈነቻት። አክስቷም ተሸፈነች።

ሦስት ቀን እንዲህ አለፈ። በእነዚያ ቀናት ሄራን የሚቀርበውን የሆስፒታል ምግብ ኢሱል እንዴት እንደምትበላ አየች። ሩዙን በማንኪያ ጫፍ እየቆጠረች፣ ከእያንዳንዱ ጉርሻ በፊት ወደ አክስቷ ፊት ሰረቅ አድርጋ እያየች ነበር የምትበላው። አሁንም ፈቃድ ትጠይቃለች። በአራተኛው ቀን ከሰዓት፣ ልጅቷ እንቅልፍ ሲወስዳት፣ ቦክሱን መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ፖም የመሰለውን የአገሯን ክብ ፒር ትልጥ ነበር።

"እትዬ፣ አውቅ ነበር" አለች ሄራን።

"ምኑን?"

"እንደሚያማት። ከሦስት ሳምንት በፊት ነግራኛለች። የመርፌው ሐኪምም አጥንት ነው፣ ዛሬውኑ ፎቶ ትነሳ ብለውኝ ነበር። ለናትሽ አትንገሪ ያልኳት እኔ ነኝ። ምግቡንም... ያስተውኳት እኔ ነኝ።"

ቦክሱን መላጡን አላቋረጠችም። ልጣጩ ሳይበጠስ ጉልበቷ ላይ እየረዘመ ወረደ። ልጣ ስትጨርስ ቢላዋውን አስቀመጠች።

"አንቺን ሳሳድግ አንድ ቀን እንኳ ጦምሽን አድረሽ ታውቂያለሽ?" አለች በቀስታ።

"አላውቅም።"

"እኔስ?"

ሄራን ቀና ብላ አየቻት።

"እኔ አድሬያለሁ። እናታችን በሞተች ክረምት፣ በልቻለሁ እያልኩሽ ድስቱን ጠርጌ እሰጥሽ ነበር። ውሃ ጠጥቼ እተኛ ነበር። ሴኡል ስልክሽም እንደዚያው። ለማንም አውርቼው አላውቅም፤ የእህት ወግ ነው ብዬ።" የተላጠውን ፒር ከቢላዋው አጠገብ አስቀመጠች። "እኔ የተራብኩት አንቺ ልጄን እንድታስርቢልኝ ነው? አገሩን ሁሉ በላህ ወይ፣ በላሽ ወይ ስል እየዋልኩ፣ የገዛ ልጄ እጓዳዬ ውስጥ በረሃብ ተሰበረች! ደግሞ አንቺን አምኜ!"

"እትዬ..."

"እትዬ አትበዪኝ። ውጪልኝ። ስትነቃ ፊትሽን እንዳታይ። እያየችሽ አትበላም።"

ይህ የመጨረሻው ነው ሄራንን የሰበራት፤ እውነት ነበርና። ጃኬቷን ይዛ ወጣች።

ጉንሳን ስትመለስ መጀመሪያ ያደረገችው ሚዛኑን ተሸክማ ወርዳ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ መጣል ነው። ቀጥላ የአሥራ ሰባቱንም ልጆች እናቶች ጠራች። ምን እንዳደረገች ምንም ሳትደብቅ ነገረቻቸው። የወር አበባቸው የቀረባቸው፣ እግራቸውን የሚያማቸው ልጆች ካሉ ነገ ዛሬ ሳይሉ ሐኪም ዘንድ እንዲወስዷቸው ለመነቻቸው። አንዳንዶቹ አለቀሱ። አንዷ ተነስታ፦

"ታዲያ ልጄን ለስድስት ዓመት ምን ስታደርጊያት ነበር?" አለችና ልጇን ይዛ ሄደች። ሌላዋ ደግሞ "አሁን ሊለግሙ ነው ማለት ነው" ብላ ልጇን ጠበቅ ወደሚያደርግ ሌላ መምህር ወሰደቻት። ሄራንን ያሳመማት ይኸኛው ነበር። ከእሷ ጋር ዘጠኝ ልጆች ብቻ ቀሩ። ከዚያ በኋላ ልምምድ ሲጋመስ ሁሉም ወለሉ ላይ ክብ ሠርተው የሩዝ ጥቅልል ይበላሉ፤ እሷም ከእነሱ ጋር። መጀመሪያ ሰሞን ጉሮሮዋ አልከፈት ብሏት ተሰቃይታለች። በአርባ ሰባት ዓመቷ፣ ሰው ፊት ጠግባ በልታ አታውቅም ነበር። የራሷንም አጥንት አስለካች። ከወጣትነት ቁመቷ ሦስት ሴንቲ ሜትር አጥራለች፤ የጀርባዋ አንድ አጥንት ሳታውቀው ተደፍጥጧል። ሐኪሙ "አልተሰማሽም?" ሲላት ምን እንደሚሰማ አታውቅምና "አይ" አለችው።

ኢሱል ግን አልዳነችም። በሚቀጥለው ጸደይ የጭኗ አጥንት ራስ ደም ስላልደረሰው መሞት ጀመረ። ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ዶክተር ናም በከዘራ መራመድ እንደምትችል፣ አንድ ቀን ከዘራውንም ልትተው እንደምትችል፣ ዳንስ ግን እንደማይታሰብ ነገረቻት። ይህን ሁሉ ሄራን የሰማችው ከመርፌው ሐኪም ነው። እህቷ አታናግራትም፤ በሾርባ ቤቱ በር ስታልፍም ቦክሱን ጀርባዋን ትሰጣለች። ሽማግሌው አልፎ አልፎ ደረጃውን ወጥተው፣ እግረ መንገዳቸውን የመጡ መስለው፣ "ትናንት አንድ ሳህን ሙሉ በላች" ወይም "ትናንት በላችና አስመለሰችው" ይሏታል። አንድ ጊዜ ደግሞ፣ ሰኔ ላይ፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው "የሴቶች ነገር ነው፤ ሚስቴ ናት የነገረችኝ። ያ የዘገየው ነገር መጣላት" አሏት። ሄራን ጓዳ ገብታ ፊቷን በፎጣ አፍና አለቀሰች።

ኢሱል አሥራ ሰባት ዓመት ከሞላት በኋላ፣ ከባሕሩ ማዶ የሚመጣው ቢጫ አቧራ ከተማውን በሸፈነበት አንድ ሚያዝያ ቀን፣ የከዘራ ድምፅ ደረጃው ላይ ተሰማ። ልጆቹ ሊመጡ ገና አንድ ሰዓት ይቀራል። ሄራን በሩን ስትከፍት ኢሱል አፏን በጭምብል ሸፍና ቆማለች። ፊቷ ሞልቷል። የእናቷን ጉንጭ አውጥታለች።

"ተቀመጪ" አለች ሄራን፤ ወንበር ፍለጋ እየተራወጠች።

"መነሳት ነው የሚከብደኝ። ብቆም ይሻለኛል።" ወለሉን አሻግራ አየች። "እማዬ መምጣቴን አታውቅም። አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። እውነቱን ትነግሪኛለሽ?"

"እነግርሻለሁ።"

"ጎበዝ ነበርኩ?"

"ካየኋቸው ሁሉ፣ ሴኡል ካሉትም ጭምር... እንዳንቺ ያለ አላየሁም።"

"ከመክሳቴ በፊትስ?"

"ያኔ ይበልጥ ትዘይ ነበር።"

ኢሱል ራሷን ነቀነቀች። የከዘራዋን እጀታ አጥብቃ ይዛለች፤ ጣቶቿ ነጡ።

"ታዲያ ለምን ሰውነቴ እንዲያንስ ፈለግሽ?"

ከታች የጥርስ መሰርሰሪያው ያፏጫል። ሄራን መልስ ፈለገች። መምህሮቿን አሰበች፤ ከኋላ የተሰለፉትን ሃያ አራቱን አሰበች።

"አላውቅም" አለች። "እኔንም ሰውነትሽ ይነስ ሲሉኝ ለምን ብዬ ጠይቄ አላውቅም። አንቺ ነሽ የመጀመሪያዋ።"

"ይቅር ብዬሻለሁ ልልሽ አልመጣሁም።"

"አውቃለሁ።"

"ሐኪም ቤት ለማንም አልነገርኩም ስል፣ አሁን ትናገራለች ብዬ ጠብቄሽ ነበር" አለች ኢሱል። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ አላበሰችውም። "ከአጥንቴ ይልቅ እሱ ነው የሚያመኝ።"

ሄራን ተንበረከከች። ኢሱል እጇን አልዘረጋችላትም። ግን ወዲያው አልሄደችም። ለአፍታ እዚያው ቆማ የአክስቷን የሸበተ ማጅራት አየች። ከዚያ ጭምብሏን ወደ ላይ ስባ ዞረች።

"ልጆቹን አብያቸው" አለች በሩ ላይ።

"አበላቸዋለሁ።"

ደረጃውን አንድ በአንድ ወረደች፤ መጀመሪያ ከዘራው፣ ቀጥሎ የግራው እግር፣ ቀጥሎ የቀኙ። ሄራን ከኋላ ሮጣ ክንዷን ልትይዝላት ፈለገች። እንደማይፈቀድላት ስላወቀች የደረጃውን መያዣ ሙጭጭ አድርጋ ቆመች። ኢሱል በቢጫው አቧራ ውስጥ መንገዱን ተሻግራ አውቶቡስ ስትሳፈር፣ ሹፌሩ እስክትቀመጥ ድረስ ሳይነሳ ጠበቃት።